ከጡሩንባ ነፊው እስከ ማይክሮፎኑ፦ የከተማ ዳርቻን ኑሮ በሬዲዮ ስለማሰማት

(ለሰፈር ሬዲዮ ዝግጅት አዘጋጆች የተሰጠ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከሥራችሁ ጊዜ ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የተሰበሰብነው አቃቂ መሆኑ ለጉዳያችን ይስማማል። በአገራችን የሬዲዮ ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ ከሚጠሩት ስሞች አንዱ አቃቂ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት እዚህ የተተከለው ጣቢያ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ ባሕር አሻግሮ ለውጭው ዓለም አሰምቷል። ያ ጣቢያ ሩቅ ያለውን ሰው ያናገረ ነበር። ዛሬ የምንነጋገርበት ሬዲዮ የአጥሩን ማዶ ሰው የሚያናግር ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባው ነዋሪ ገላን ላይ ስለሚያርሰው ገበሬ እንዲሰማ፣ ገበሬውም ስለ ኮንዶሚኒየሙ ሰው እንዲያውቅ የሚያደርግ። በእኔ እምነት ይህኛው ሥራ ከዚያኛው አይቀልም።

«የባህል ዝግጅት» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አየር የሚወጣው ዘፈን፣ ጭፈራና የበዓል ሰላምታ ነው። ዘፈኑ ይቅር አልልም። ነገር ግን የመስቀል በዓል በ2006፣ የገዳ ሥርዓት በ2009፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ለደመራና ለታቦት መውጫ ካሜራም ማይክሮፎንም አይጠፋም። ጋን በግራዋ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የእድር ድስትና ወንበር በምን ዓይነት ደብተር እንደሚቆጠር፣ በአቃቂ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ ሽንብራ ለምን ክረምቱ ሲወጣ እንደሚዘራስ ማን ይቀርጻል? የሰፈር ሬዲዮ ድርሻ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። የሚሠራው እጅና የሚያውቀው አፍ ሳለ አሠራሩን ከነድምፁ መያዝ።

ዳርቻው ደግሞ አንድ ዓይነት ሰው የሚኖርበት አይደለም። ከተማው ሳይደርስ በፊት እዚሁ ሲያርስ የኖረ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ገበሬ አለ። ዕጣ ወጥቶለት ኮዬ ፈጬ የገባ፣ የፎቁን ጎረቤት ገና ያልተዋወቀ ቤተሰብ አለ። በሰሜን በኩል ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች አሉ። ስለዚህ ቋንቋው አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም። ተናጋሪው በአፋን ኦሮሞ ወይም በጋሞኛ ሲያወራ በላዩ ላይ ትርጉም ማስገባት ይቻላል። ደንቡ ግን የራሱ ድምፅ መጀመሪያ ቢያንስ 7 ሰኮንድ ጥርት ብሎ ይሰማ፣ ከዚያ ዝቅ ይበል፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርም በራሱ አፍ ትውጣ ነው። ቋንቋውን የሚያውቀው አድማጭ ያችን ጅምርና ያችን መዝጊያ ይጠብቃል። አጠራሩም እንዲሁ። ለአማርኛ ተናጋሪ አዛውንት «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጋሼ» እንደምንል ሁሉ ለኦሮሞ አባት «ኦቦ»፣ ለእናት «አዴ» ይባላል። አዛውንትን በአየር ላይ «አንተ» ማለት ጨዋታውን የሚያቀል ይመስላቸዋል አንዳንድ ወጣቶች። አድማጩ ቤት ግን የመጀመሪያው ተቆጪ አያት ናቸው።

ስለ ፈቃድ አጭር ነገር ልበል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ከንግድና ከሕዝብ ብሮድካስት ለይቶ፣ ለትርፍ የማይሠራ አድርጎ ያውቀዋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። የራሱ ጣቢያ የሌለው ቡድን በሳምንት አንድ ሰዓት ካለ ጣቢያ ላይ ተስማምቶ መያዝ ይችላል። ለጀማሪ ይህ ይሻላል፤ የማሰራጫና የጄኔሬተር ጣጣ የሌላ ሰው ይሆናል።

አንድ ሰዓት ስታገኙ ታዲያ 60 ደቂቃ አገኘን አትበሉ። መግቢያና መውጫው፣ የጣቢያው ማስታወቂያና ዜናው ሲቀነስ 50 ደቂቃ ቢተርፍ ነው። ከዚህ 20ው ለአንድ ዋና ጉዳይ፣ 7ቱ ለእድርና ለሰፈር ማስታወቂያ፣ 12ቱ ለስልክ ይሁን፤ የቀረው ለሙዚቃና ለመሸጋገሪያ ነው። አምስት ጉዳይ በአምስት አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ዝግጅት አንዱንም አያደርስም።

ከማስታወቂያው ልጀምር፤ ሰው መጀመሪያ ጆሮውን የሚጥለው እዚያ ነው። ሬዲዮ ሳይመጣ የሰፈሩ ሬዲዮ ጡሩንባ ነፊው ነበር፤ በብዙ ሰፈር ዛሬም አለ። ጎህ ሲቀድ መንገድ ለመንገድ እየዞረ፣ ጡሩንባውን እየነፋ ይለፍፋል። ልፈፋው አጭር ነው፤ ማን አረፈ፣ የማን ቤተሰብ ነው፣ ድንኳኑ የት ተተከለ፣ ቀብሩ የት ነው፣ በስንት ሰዓት። ከዚህ የሚተርፍ ቃል የለውም። የሬዲዮው ማስታወቂያም በዚሁ ቅደም ተከተል በ20 ሰኮንድ ይነበብ፣ ወዲያው ደግሞ ይደገም። ሰው እስክሪብቶ የሚፈልገው ስሙን ከሰማ በኋላ ስለሆነ በአንድ ንባብ ሰዓቱና ቦታው ያመልጡታል።

እዚህ ላይ ሊሠራ የሚችለው ከባዱ ስሕተት መርዶን መቅደም ነው። በእኛ ልማድ የቅርብ ዘመድ መርዶ የሚረዳው ማልዶ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ደጁ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። ታክሲ ውስጥ የተቀመጠች ልጅ የአባቷን ሞት ከሬዲዮ ከሰማች ያን ዝግጅት ሰፈሩ ይቅር አይለውም፤ ልክም ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ከእድሩ ጸሐፊ ወይም ሊቀመንበር ካልመጣ አይነበብም። ከመጣም በኋላ አዘጋጁ ራሱ መልሶ ይደውላል፤ የሚደውለውም ደዋዩ በሰጠው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በደብተር በያዘው የእድሩ ቁጥር ነው። በመጨረሻም «ቤተ ዘመድ ተረድቷል?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ካልተባለ ወረቀቱ ይቀመጣል። ይህችን የመጨረሻ ጥያቄ የሚረሳት ብዙ ነው።

የስም ንባብም ልምምድ ይፈልጋል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ትልቁ ጉዳይ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ያልደረሰው ጊዜ። በወሬ መካከል ዐውዱ ያድናል፤ በሰው ስም ላይ ግን የሚያድን ነገር የለም። የኦሮሞ ስሞች ሲሆኑ አናባቢው የሚረዝምበት ቦታም በፊደላችን አይታይም። መፍትሔው ማስታወቂያውን የሰጠው ሰው ስሙን በስልክ ሲጠራው መስማት፣ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ማኖር፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው። በመዝገብ ስሙ ጎረቤት የማያውቀው ሰው ስላለ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ የሰፈር መጠሪያው ይጨመር።

አሁን ወደ ዋናው 20 ደቂቃ እንሂድ። ለማኅበር ወይም ለሠርግ የሚጠመቅ ጠላን ምሳሌ እናድርግ። ይህ ቀረጻ በአንድ ቀን አያልቅም። ጥንስሱ ከተጣለበት ጠላው እስከሚቀዳበት ድረስ እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ ባለሙያዋ አሠራር 10 ቀን አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። በአንድ ጉብኝት ሁሉን እጨርሳለሁ ያለ ሰው ባለሙያዋን «ከዚያስ?» እያለ ሲያስወራ ይውልና ያለ ሥራ ድምፅ፣ ወሬ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ቢያንስ አራት ጊዜ መመላለስ ግድ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጋኑ ይታጠባል። የግራዋ ቅጠል ከውሃ ጋር በጋኑ ሆድ ውስጥ ሲታሽ ሻካራና ከጥልቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። ማይክሮፎኑን ወደ ጋኑ አፍ አስጠጉት፤ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ከገባ ድምፁ ሁሉ ተደባልቆ ይጎረብጣል። ቀጥሎ ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭስ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ባለሙያዋ በቃል ትናገረው፤ ጭሱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ጋኑ መታጠኑን በምን እንደምታውቅ። ከዚያ ጌሾው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ሙቀጫና ዘነዘና ሲቀረጽ የድምፁን ልክ በወሬው ሳይሆን በውቀጣው አስተካክሉ፤ በንግግር ልክ ከተተወ የመጀመሪያዋ ምት ቀረጻውን ትሰነጥቀዋለች። መቅረጫውንም ሙቀጫው ያረፈበት ወለል ላይ አታኑሩት፤ ምቱ በመሬቱ አድርጎ ይገባል። አንድ ሜትር ርቆ በእጅ ይያዝ።

ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄዱ ብቅሉና የተቆራረሰው ቂጣ ሲገባ ትደርሳላችሁ። በሦስተኛው እንኩሮው፣ ማለትም በውሃ የተለወሰው ዱቄት፣ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ለጆሮ ከሁሉ የበለጠው ይህ ነው፤ ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳታወሩ ቅረጹት። ውሃው ተሞልቶ አፉ የሚታሸገው ከዚያ ወዲህ ነው። አራተኛው ጋኑ ተከፍቶ ሲቀዳ ነው። ቀኑን ባለሙያዋ እንጂ አዘጋጁ አይቆርጠውም። በብርድ ሳምንት ይዘገያል፣ በሙቀት ይፈጥናል፤ «ሲደርስ ይደውሉልን» ተብሎ የስልክ ካርድ ትቶ መምጣት ነው።

መጠኑን በተመለከተ ባለሙያ «በዓይን ልክ ነው» ማለቷ አይቀርም፤ እውነቷንም ነው። ሲቀርብ «ሁለት ጣሳ» ትላለች። ጣሳው ግን ከቤት ቤት ይለያያል። 5 ኪሎ የሚይዝ የኩሽና ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። እሷ በልማዷ ትስፈር፣ እናንተ መዝኑ፣ በአየር ላይ ሁለቱም ይነገሩ። በጣሳ ብቻ ከተነገረ አድማጩ ቤቱ ሊሞክረው አይችልም፤ በኪሎ ብቻ ከተነገረ ደግሞ የባለሙያዋ አነጋገር ይጠፋል።

ጥያቄው ላይ «ጠላ እንዴት ይጠመቃል?» አትበሉ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ መልስ ነው የምታገኙት። «መድረሱን በምን ያውቃሉ? ተበላሸ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? እናትዎ ከእርስዎ ለየት አድርገው የሚሠሩት ነገር ነበር? አሁን እንደ ልብ የማያገኙት ምንድን ነው?» በሉ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። በእሷ በኩል ሰፈሩ ራሱ ይገባል፤ ወይራው የት ሄደ፣ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ጭስ ማጨስ ይቻላል ወይ፣ ጋኑ ቀርቶ የፕላስቲክ በርሜል ሲመጣ ጣዕሙ ምን ሆነ።

ስለ ቀረጻ ዕቃ ብዙ ልል አልፈልግም፤ ውድ መሆን የለበትም። በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በስቴሪዮ ስትቀርጹ አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 32 ጊጋባይት ካርድ ለ30 ሰዓት ገደማ ይበቃል። የድምፁ ጫፍ በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ ይዋል። ማይክሮፎኑ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ «ፐ» እና «ጰ» ሲባሉ ትንፋሹ እንዳይመታው። ስልኮች ሁሉ፣ የእናንተም የባለቤቱም፣ ይጥፉ፤ ጥሪ ሊገባ ሲል የሚመጣውን ጠርጠርታ ከቀረጻ ላይ ማውጣት አይቻልም። ባሕር ዛፍ ሥር አትቀመጡ፤ ነፋሱ ለጆሮ ቀላል ይመስላል፣ በማይክሮፎን ግን ዝናብ ነው። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ያስተጋባል፤ ከተናጋሪው ጀርባና ከማይክሮፎኑ ኋላ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መስቀል፣ ካልሆነ ልብስ የሞላበት መኝታ ክፍል መግባት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር የቦታውን ዝምታ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ስፌቱን የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው።

ለሙዚቃ፣ መሰንቆ ከሆነ ማይክሮፎኑ በቆዳው ትይዩ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፤ ከበሮ ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል። በቡድን ሲዘፈን ጭብጨባው ድምፅን ይውጣል፤ አጨብጫቢዎቹን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አውጪዋን ወደ ፊት አድርጉ። የዘፋኟ ፈቃድ በድምፅ ይቀረጽ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኝም መብት አለው፤ ዘፈኑ የአገር ቤት ዜማ ነው ተብሎ የዘፈነችው ሰው አትዘለልም። አየር ላይም ስሟ ከነሰፈሯ ይጠራ።

የተዘጋጀው ሥራ በስቱዲዮ ማዳመጫ ብቻ ተሰምቶ አይለቀቅ። ብዙው አድማጭ የሚሰማው ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ሬዲዮ ወይም የታክሲ ሬዲዮ ነው። በአንድ ቻናል ብቻ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ በማዳመጫ በአንድ ጆሮ ይቀራል፤ ከሁለቱ ቻናሎች የአንዱ ሞገድ የተገለበጠበት ደግሞ ቻናሎቹ በትንሿ ሬዲዮ ሲደማመሩ ድምፁን ጭርሱን ያጠፉታል። በትንሿ ሬዲዮ አንድ ጊዜ መስማት ይህን ሁሉ ያጋልጣል።

ስለ መቁረጥ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አፋን ኦሮሞም እንዲሁ። «ዱሮ ሴት የእድር ስብሰባ አትገባም ይባላል እንጂ እናቴ ገንዘብ ያዥ ነበሩ» ያሉ እናት «ይባላል» ላይ ቢቆረጡ ንግግራቸው ተገልብጦ ይወጣል። «እንጂ»፣ «ነበር»፣ «አይደለም» የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ተናጋሪው ተንፍሶ ሌላ ሐሳብ እስኪጀምር ምላጭ አይነሣ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም በዚያ ቋንቋ የተነገረውን ብቻውን አይቁረጥ።

የሰዓት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ዝግጅቶችን የሚያጠፋ ነው። እናንተ «እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ትላላችሁ፤ የማጫወቻው ኮምፒውተር ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። 3፡00 ተብሎ ከተሞላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ተኝቶ ሳለ ተጫውቶ ያልቃል። የመርሐ ግብር ወረቀቱ ሁለት ዓምድ ይኑረው፣ የእኛና የማሽኑ። ቀንም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት እንቁጣጣሽ በእነሱ ሴፕቴምበር 11 መዋሉ ቀርቶ 12 ይሆናል፤ ጥምቀትም ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ላይ «በየዓመቱ» ተብሎ የተሞላ ልዩ ዝግጅት በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ይቀድማል።

ዓመቱን በአገር ቤት ወር ብትቆጥሩ ርእስ አይጎድላችሁም። መስከረም ደመራው አለ፤ እሬቻ ይከተላል። ታኅሣሥና ጥር ገበሬው ውድማ ላይ ነው። በኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠራርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው። ጭሱን የሚያነድዱት ልጆች ምክንያቱን ላያውቁ ይችላሉ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ «የኅዳር በሽታ» የተባለው እሱ ነው። ይህን የያዘ ዝግጅት አስቀድሞ በጥቅምት ይቀረጽ፤ አዛውንቶቹ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ይናገሩ፤ ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ገብታ የዛሬው ቆሻሻ ፕላስቲክ ስለሆነ ጭሱ ለሕፃናት ሳንባ ምን እንደሚያደርግ ታስረዳ። ልማዱን ማክበርና አደጋውን መናገር በአንድ ዝግጅት ውስጥ አይጣሉም።

ስልክ ላይ ብዙ አልቆይም። ደዋዩ ሬዲዮውን ካልቀነሰ ድምፁ ዞሮ ይገባና ይጮኻል፤ አየር ላይ ከመግባቱ በፊት ይነገረው። ስሙንና ሰፈሩን ይናገር፤ የቤት ቁጥር አይጠራ። ኤፍኤም ሞገድ ተራራ አይዞርም፤ ከኮረብታ ጀርባ ወይም ከፎቆች መካከል ያለ አድማጭ «አትሰሙም» ቢላችሁ ሬዲዮውን ወደ መስኮት እንዲያስጠጋ፣ በሞባይል ከሆነ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እንዲሰካ ንገሩት፤ አንቴናው ያ ገመድ ነው።

ከስርጭቱ በኋላ ሳይቆረጥ የተቀረጸው ሁሉ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከስቱዲዮው ውጭ። የፋይሉ ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ይጀምር፣ ከዚያ ሰፈሩና ጉዳዩ ይከተል፤ ቀኑ የኢትዮጵያ መሆኑ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ግማሹ በእኛ ግማሹ በፈረንጅ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም አያገኘውም። አንድ ቅጂ ለተናጋሪዋ ይመለሳል። በቴሌግራም ከመላክ ግን ይዞ መሄድ ይሻላል። ቤታቸው ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ስሙት፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከመካከላቸው አንዷ «ኧረ እንኩሮው እንዲያ አይደለም፣ እኛ ቤት የሚታመሰው…» ብላ ትጀምራለች። መቅረጫውን ያን ጊዜ ክፈቱት፤ የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅት በእሷ ይጀምራል።